ሞተሩን አይቀይሩ፤ ቺንጋውንና ልኬቱን ይፈትሹ

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ተንጠልጥሎ የሚሥል ማሽን ሠርተናል። ሁለት ኔማ 17 ስቴፐር ሞተሮች (በእርምጃ እርምጃ የሚዞሩ) አንድ ሜትር ተራርቀው በኮምፔንሳቶ ሰሌዳ አናት ላይ ተገጥመዋል፤ ከሁለቱም በሚወርድ ጥርስ ያለው ቺንጋ ማርከሩ ተንጠልጥሏል። መቆጣጠሪያው አርዱዊኖ ኡኖ፣ የሞተር አንቀሳቃሾቹ ኤ4988፣ ፕሮግራሙ ግርብል ነው። ሦስት ችግር ገጥሞናል። አግድም መስመር ስናሠምር መሃሉ ይረግባል። መስመሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ወደ ሰሌዳው አናት ስንጠጋ ደግሞ ቀጭ ብሎ ይዘልና ከዚያ በኋላ ሥዕሉ በሙሉ ይዛነፋል። ዕቃውን የሸጠልን ሰው የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር ግዙ ብሎናል። ዓላማችን የግዕዝ ፊደላትንና ሐረግ (የብራና መጻሕፍትን የተጠላለፈ ጌጥ) መሣል ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

ምላሽ፦ መምህር፣ ገንዘባችሁን አታውጡ። ሦስቱም ችግሮች ከሞተር ጉልበት ጋር አይገናኙም፤ ይህንንም ከተማሪዎችዎ ጋር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስላት ይቻላል። የተለመደው ኔማ 17 ቆሞ ሲይዝ 40 ኒውተን ሴንቲ ሜትር ገደማ የማጠማዘዝ ኃይል አለው። ቺንጋችሁ ጂቲ2 ከሆነ ጥርሶቹ በ2 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ 20 ጥርስ ያለው ፑሊ (ሞተሩ ላይ ያለው ቺንጋውን የሚስበው መዘውር) በአንድ ዙር 40 ሚሊ ሜትር ይስባል ማለት ነው። የዚህ ፑሊ ራዲየስ 6.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሞተሩ ቺንጋው ላይ ከ60 ኒውተን በላይ፣ በክብደት ስድስት ኪሎ ያህል፣ መያዝ ይችላል። በፍጥነት ሲዞር ይህ ኃይል ይቀንሳል፤ ይሁንና ማርከርና መያዣው ተደምረው ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞሉም። ጉልበት ተርፎአችኋል።

በሞተር የሚሥሉ ማሽኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ዓላማ የላቸውም። የስዊዘርላንዱ ቀራፂ ዣን ቲንግሊ በ1959 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ለሕዝብ ያሳያቸው የሥዕል ማሽኖች መንቀጥቀጣቸውና መዛነፋቸው ራሱ ሥዕላቸው ነበር። የእናንተ ማሽን ዘር ሌላ ነው። በ2002 (በዚሁ አቆጣጠር) እዚያው ስዊዘርላንድ ዩርግ ሌኒና ኡሊ ፍራንከ ሄክቶር የተባለ ማሽን ሠሩ፤ ሁለት ሞተሮች፣ ሁለት ቺንጋዎችና በመካከላቸው የተንጠለጠለ የሚረጭ ቀለም ቆርቆሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ አሠራር በየትምህርት ቤቱና በየቤቱ ተሠራጭቷል። ሐዲድ የለውም፣ ውድ ኩሽኔታ የለውም፣ በሻንጣ ተጠቅልሎ ይሄዳል። በምላሹ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ብረት ሊሠራው ይገባ የነበረውን ሥራ ስሌትና ልኬት ይሠሩታል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ከሚረግበው መስመር እንጀምር። ግርብል የተዘጋጀው አንዱ ሞተር አግድም፣ ሌላው ቁልቁል ለሚነዳበት ማሽን ነው። በእናንተ ማሽን ግን እያንዳንዱ ሞተር የሚያውቀው የራሱን ቺንጋ ርዝመት ብቻ ነው። ከግራው ፑሊ ተነሥቶ እስከ ብዕሩ ያለው ርዝመት የአግድሙ ርቀት ካሬና የቁልቁሉ ርቀት ካሬ ድምር ሥር ነው፤ የቀኙም እንዲሁ፣ አግድሙ ብቻ ከቀኝ ይለካል። የፓይታጎረስን ቀመር ለተማሪ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

አሁን ከፑሊዎቹ 600 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ከግራ 250 ላይ ጀምሮ 750 ላይ የሚያልቅ መስመር አሥሉት። ሲጀምር የግራው ቺንጋ 650፣ የቀኙ 960 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲጨርስ ይገለበጣል። ለማሽኑ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ከሰጣችሁት የግራውን በእኩል ፍጥነት ያረዝማል፣ የቀኙን በእኩል ፍጥነት ያሳጥራል። መሃል ላይ ሁለቱም 805 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ቺንጋዎቹ 805 ሲሆኑ ብዕሩ ያለው 631 ላይ እንጂ 600 ላይ አይደለም። ሦስት ሴንቲ ሜትር ወረደ። የእናንተ መስመር የረገበው ቺንጋው ስለላላ አይደለም፤ ማሽኑ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል።

መፍትሔው መስመሩን በኮምፒውተሩ ላይ አስቀድሞ መቆራረጥ፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ጫፍ ወደ ሁለቱ የቺንጋ ርዝመቶች መለወጥና እነዚያን ርዝመቶች ለግርብል እንደ አግድምና ቁልቁል ቁጥር አድርጎ መላክ ነው። ግርብል ልዩነቱን አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ የጀመረ ተማሪ ይህን በሃያ መስመር የማይሞላ ፕሮግራም ይጽፈዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች ቁራጭ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ብለው ሩብ ሚሊ ሜትር ድረስ ይፈጩታል። አያስፈልግም። የመርገቡ መጠን በቁራጩ ርዝመት ካሬ ይቀንሳል፤ 500 ሚሊ ሜትር ላይ 31 የነበረው በ10 ሚሊ ሜትር ቁራጭ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የማርከር ጫፍ ከዚያ እጅግ ይወፍራል። በ5 ሚሊ ሜትር ቁረጡ፤ ኩርባ ላለው ሥዕል በ1 ወይም በ2። ከዚያ በታች ስትወርዱ ኡኖ ቀጣዩ ትእዛዝ ሳይደርሰው ያለውን ጨርሶ ይጠብቃል፣ በየመሃሉ ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል። ያ መቆምና መነሣት ወረቀት ላይ መንቀጥቀጥ ሆኖ ይታያል። ከሁለተኛው ችግራችሁ ከፊሉ ከዚህ ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

አሁን ሦስተኛው፣ ቀጭ የሚለው። ይህን ከሁሉ በላይ በትዕግሥት ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሻጩን ያሳሳተው ይህ ነው። ሰሌዳው አናት አካባቢ ሁለት መጥፎ ነገሮች አንድ ላይ ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ውጥረት ነው። ብዕሩ ከፑሊዎቹ መሃል 500 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ሲንጠለጠል እያንዳንዱ ቺንጋ የሚሸከመው የክብደቱን 0.7 እጥፍ ነው። 100 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ሲል ግን ቺንጋዎቹ ሊጋደሙ ስለሚቃረቡ እያንዳንዳቸው የክብደቱን ሁለት ተኩል እጥፍ ይሸከማሉ። በገመድ መሃል ላይ እርጥብ ብርድ ልብስ አስጥቶ ገመዱን ቀጥ ለማድረግ የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሁለተኛው የጥርሱ ንክሻ ነው። ቺንጋው ከብዕሩ መጥቶ በፑሊው ላይ ዞሮ በውጭ በኩል ወደ ታች ይንጠለጠላል። ብዕሩ ታች ሲሆን ቺንጋው የፑሊውን ግማሽ ዙሪያ ያህል ያቅፋል። ብዕሩ አናት ሲደርስ ግን ሩብ ዙሪያ ትንሽ አለፍ ያለ ብቻ ይነካል፤ ከ20 ጥርሶች አምስት ወይም ስድስት ይዘው ይቀራሉ ማለት ነው። ውጥረቱ በጨመረበት ቦታ ንክሻው ቀነሰ። የተንጠለጠለው ጅራት ባዶ ከሆነ ቺንጋው ከጥርሱ ተነሥቶ ይዘላል፤ አንድ ጥርስ ሲዘል 2 ሚሊ ሜትር ጠፋ፤ ማሽኑ ዓይን ስለሌለው ከዚያ በኋላ የሚሥለው ሁሉ ይዛነፋል።

የዘለለው ቺንጋው ይሁን ሞተሩ ለመለየት በፑሊው ጥርስ ላይና በቺንጋው ላይ ትይዩ የሆነ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጉ። ማሽኑ ሄዶ ወደ መነሻው ሲመለስ ሁለቱ ነጥቦች ከተላለፉ የዘለለው ቺንጋ ነው። ነጥቦቹ ተያይዘው ሳለ ብዕሩ ብቻ ከቦታው ካልተመለሰ የዘለለው ሞተሩ ነው። ቺንጋው ከሆነ፣ እኔም እንደዚያ ነው የምገምተው፣ በእያንዳንዱ ጅራት ጫፍ ክብደት አንጠልጥሉ። የብዕር መያዣው 300 ግራም ቢሆን ለእያንዳንዱ ጅራት 100 ግራም ይበቃል፤ ጥቂት ዳዶዎችና ሮንዴላዎች በሽቦ አስሮ ማንጠልጠል ነው። ክብደቱ ቺንጋውን ጥርሱ ውስጥ ከመጫኑም በላይ ሞተሩን ያግዘዋል።

ክብደት ጨምራችሁም ቢሆን አናቱን ተዉት። እዚያ ያለው ችግር መዝለል ብቻ አይደለም። ከፑሊዎቹ 100 ሚሊ ሜትር ዝቅ ባለው ቦታ ሁለቱ ቺንጋዎች አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሳሳቱ ብዕሩ ቁልቁል አምስት ሚሊ ሜትር ይሳሳታል። በተቃራኒው ወደ ጎን ወጥቶ በቀጥታ ከአንዱ ሞተር ሥር የገባ እንደሆነ የሌላው ሞተር ቺንጋ ምንም አይሸከምም፤ ይላላል። በአንድ ሜትር ስፋት ላይ ኤ2 ወረቀት አቁማችሁ መሃል ለጥፉ፤ የላይኛው ጠርዝ ከፑሊዎቹ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። በዚህ አቀማመጥ ከላይ ውጥረቱ ከክብደቱ ብዙም አይበልጥም፤ በታችኛው ማዕዘን ላይ እንኳ የሩቁ ቺንጋ የክብደቱን ከሦስት አንድ በላይ ይሸከማል። ከዚህ የሚበልጥ ወረቀት ከፈለጋችሁ ሞተሮቹን አራርቁ፤ ወረቀቱን ወደ ላይ አትግፉ።

ስለ መንቀጥቀጡ የቀረውን ልጨርስ። በኤ4988 ሥር፣ እሱ በተሰካበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ሞተር ሦስት ጃምፐር (ሁለት ፒን የሚያገናኝ ትንሽ መሰኪያ) የሚሰኩባቸው ፒኖች አሉ። ሦስቱም ከተሰኩ ሞተሩ እያንዳንዱን እርምጃ ለ16 ይከፍለዋል፤ በአንድ ዙር 200 የነበረው 3,200 ይሆናል፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ደግሞ 80። በግርብል 100ኛና 101ኛ ቅንብር ላይ የሚጻፈው ቁጥር ይህ 80 ነው። ጃምፐር ከሌለ እያንዳንዱ እርምጃ 0.2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ማሽኑ እየዘለለ ይሄዳል፤ መንቀጥቀጡም በእጅ ሲነኩት ይታወቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የብዕር መያዣውን ተመልከቱ፤ የማሽኑ ልብ እሱ ነው። ስሌቱ ሁለቱ ቺንጋዎች በብዕሩ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ ብሎ ነው የሚያሰላው። ብዙ ሰው ግን አንድ ጣውላ ወስዶ ቺንጋዎቹን በሁለት ጎኖቹ በብሎን ያስራል፤ ማርከሩን መሃል ይተክላል። ያ ጣውላ በሄደበት ሁሉ ይወዛወዛል፣ ይዞራል፣ ብዕሩም አብሮት። የሚሻለው ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ሁለት ኩሽኔታ ፈልጎ አንዱን በሌላው ላይ መደርደር፣ በቀዳዳቸው አጭር ቱቦ አሳልፎ ማርከሩን በቱቦው ውስጥ መትከል ነው። እያንዳንዱ ቺንጋ በየራሱ ኩሽኔታ ዙሪያ ይታሰራል። ያኔ ሁለቱም የሚስቡት ወደ ብዕሩ መካከል ነው፤ መያዣውም ሳይዞር ክብደቱን ወደ ታች ጥሎ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። ክብደት የምትጨምሩት ከብዕሩ በታች ይሁን። ሰሌዳውንም አምስት ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ አዘንብሉት፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ማርከሩ ወረቀቱን አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል።

እስክሪብቶ አትጠቀሙ። እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ጫፉ የሚወርደው በስበት ነው፤ ሲጋደም ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ በዚያ ላይ ግፊት ይፈልጋል። የማርከር ጫፍ ቀለሙን እንደ ክር እየመጠጠ ስለሚያወጣ ተጋድሞም ይሥላል። ፍጥነቱን በደቂቃ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ያዙት። ከፍጥነቱ ይልቅ የሚጎዳው ድንገተኛ አነሣሥ ነው፤ በ120ኛና በ121ኛ ቅንብር የሚወሰነውን የፍጥነት ጭማሪ ከ50 ጀምራችሁ ማዕዘኖች መወዛወዝ እስኪጀምሩ ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ትንሽ መልሱት።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ። በኤ4988 ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን የሞተሩን ከረንት ትወስናለች። ከአይሲው (ከጥቁሩ ቺፕ) አጠገብ ያሉት ትንንሽ ረዚስተሮች ላይ አር100 ተብሎ ከተጻፈ፣ ለ0.8 አምፔር በብሎኗ ላይ የሚለካው 0.64 ቮልት ነው፤ ለእናንተ ክብደት ይበቃል። በሴራሚክ ካቻቢቴ ወይም እጀታው በደንብ በተሸፈነ ካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ማሽኑ ላይ ኃይል እያለ የሞተር ሽቦ በፍጹም አይነቀል፤ አንቀሳቃሹ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ይህን ለእያንዳንዱ ተማሪ ንገሩ። ብዕሩን የሚያነሣውን ትንሽ ሰርቮ ሞተር በተመለከተ፣ መደበኛው ግርብል ለሰርቮ የሚስማማ ምልክት አያወጣም፤ ሰርቮው በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ አጭር ምልክት ይጠብቃል። ለዚህ የተሻሻለ የግርብል ቅጂ በነፃ ይገኛል፤ እሱን ጫኑ።

ልኬት ላይ እንደ አናጢ ቁጡ ሁኑ። በሁለቱ ሞተሮች መካከል ያለው ርቀት የሚለካው ከሞተር መሃል ሳይሆን ቺንጋዎቹ ከፑሊው ከሚለቁበት ነጥብ ነው፤ በሜትር ሳይሆን በብረት ማስመሪያ ለኩት። ሁለቱ ፑሊዎች በውሃ ልክ እኩል ይሁኑ፤ ውሃ ልክ ከሌለ ውሃ የሞላ ግልጽ ጎማ ሥራውን ይሠራል። ከዚያ አንድ ቋሚ መነሻ ምረጡ፦ በአንድ ሜትር ስፋት ላይ ሁለቱም ቺንጋዎች 707 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ ብዕሩ በትክክል መሃል፣ 500 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። እዚያ ሰሌዳው ላይ ምልክት ቅረጹ፤ ሥራ ሁሉ ከዚያ ይጀምር። አሁን በጎን 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ አሥሉት። ሁለቱ ዲያጎናሎች እያንዳንዳቸው 42.4 ሴንቲ ሜትር መሆን አለባቸው። እርስ በርስ ከተበላለጡ የሁለቱ ሞተሮች ጃምፐር ወይም 100ኛና 101ኛ ቅንብር እኩል አይደለም፣ አለዚያም በመሃል ቺንጋ ዘሏል። እኩል ሆነው ሁለቱም ካጠሩ ወይም ከረዘሙ 80 የሚለው ቁጥር ይፈተሽ። አግድም ጎኖቹ አሁንም ጥቂት ከጎበጡ በሞተሮቹ መካከል ያለው ርቀት ለፕሮግራሙ ከነገራችሁት ይለያል።

ካሬው ካሬ ሲሆን ወደ ፊደሉ ትሄዳላችሁ፤ ደስ የሚለው ሥራ የሚጀምረውም እዚያ ነው። እንደ ኒያላና አቢሲኒካ ያሉት የኮምፒውተር ፊደሎች የተሠሩት በዙሪያ መስመር ነው፤ ማሽኑ ‹‹ለ››ን እንደ ባዶ ቧንቧ ግራና ቀኙን ይሥለዋል። ለላቲን ፊደል በ1967 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አለን ኸርሺ የተባለ አሜሪካዊ በባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ውስጥ በአንድ መስመር የሚጻፉ ፊደሎችን አዘጋጅቶ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ፤ የግዕዝ ፊደል ግን በውስጣቸው የለም። ስለዚህ ተማሪዎችዎ ራሳቸው ይሠሩታል። በኢንክስኬፕ የሥዕል ፕሮግራም ፊደሉን በሰፊው አስቀምጡ፣ በላዩ ላይ ብዕር በሚሄድበት ቅደም ተከተል አንድ መስመር አሥምሩ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ግን ካዕቡ፣ ሣልሱና ራብዑ በግዕዙ ላይ ስለሚገነቡ ሥራው እንደ ቁጥሩ አያስፈራም። ኢንክስኬፕ ውስጥ በዚያው በኸርሺ ስም የተሰየመ መሣሪያ አለ፤ እናንተ የሠራችሁትን ፊደል በኤስቪጂ መልክ ብታስቀምጡለት በእሱ ይጽፋል።

አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሂዱ። በብራና ላይ የምናየው የፊደል ውበት ከመቃ ብዕር ጠፍጣፋ ጫፍ ይመጣል፤ ቁሙ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ማርከር ገዝታችሁ ጠፍጣፋው አግድም እንዲሆን አድርጋችሁ ብትተክሉት ማሽኑ በአንድ መስመር ብቻ ሄዶ ያንን ወፍራምና ቀጭን ይሰጣችኋል። ለዚህ ነው መያዣው እንዳይዞር የደከምነው። ሐረጉ ደግሞ ለዚህ ማሽን የተፈጠረ ይመስላል፤ ረጃጅም፣ የማይቋረጡ፣ እርስ በርስ የሚጠላለፉ መስመሮች ስለሆኑ ብዕሩ እምብዛም አይነሣም። አንዱ መስመር በሌላው ሥር በሚያልፍበት ቦታ መስመሩን ቆርጦ መተው ብቻ መርሳት የለባችሁም፤ አለበለዚያ ጥልፉ መረብ ይሆናል።

ይህን የሚያነብ ሌላ ክበብ ኔማ 17 መግዛት ካልቻለ ከአሮጌ ስካነርና ከድሮ ነጥብ አታሚ ፕሪንተር ስቴፐር ሞተር ይወጣል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ማሽን የሚፈታበት ቦታ ስለሆነ እዚያ ይጠይቅ። ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ሞተር ስቴፐር አይደለም፤ ይተወው። አራት ሽቦ ካለው ሁለት ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ እያገናኘ ዘንጉን በጣቱ ያዙር፤ መዞሩ የከበደበት ጥንድ አንድ ጥቅልል ነው። ርካሹ ትንሽ ስቴፐር 28ቢዋይጄ-48ም ይሠራል። በውስጡ ያሉት ጥርሶች ልል ቢሆኑም የተንጠለጠለው ክብደት ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ስለሚስባቸው ልልነቱ አይታይም፤ ለዚህ ሞተር ግን የጅራቱን ክብደት በጣም ቀላል ማድረግ ያስፈልጋል፣ ካልሆነ ክብደቶቹ ተመጣጥነው ልልነቱን ያወጡታል።

የቀረው የመብራት መጥፋት ነው፤ አንድ ትልቅ ሥዕል ሰዓታት ስለሚወስድ ይህን ሳያስቡ መጀመር አይገባም። አርዱዊኖው በላፕቶፕ ከሆነ የተሰካው መብራት ሲጠፋ እሱ አይጠፋም። የሞተሮቹ 12 ቮልት ብቻ ይቋረጣል፤ ብዕሩ ይንሸራተታል፤ አርዱዊኖው ግን እየሣለ እንደሆነ አምኖ እስከ መጨረሻው ይቆጥራል። ሞተሮቹን በ12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ አሠሩ፣ ባትሪውም ቻርጀር ላይ ይቀመጥ። ኤ4988 ከ8 እስከ 35 ቮልት ስለሚቀበል የቻርጀሩ 14 ቮልት አይጎዳውም፤ 7 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሁለቱን ሞተሮች ሦስት ሰዓት ያህል ያቆያል። ሥዕሉንም እያንዳንዱ ከተቀረጸው መነሻ ምልክት ጀምሮ ወደዚያው የሚመለስ ክፍል አድርጋችሁ ከፋፍሉት፤ አንድ ክፍል ቢበላሽ ያንን ብቻ ትደግማላችሁ። በመጀመሪያ ግን ካሬውን ሥላችሁ አራቱን ጎኖችና ሁለቱን ዲያጎናሎች ለክታችሁ ላኩልኝ፤ የቀረ ጉድለት ካለ ከእነዚያ ስድስት ቁጥሮች ይታወቃል።